የመኪኖቹ የነፍስ አባት

በአገራችን ከተማ በተባለ ቦታ ሁሉ አንድ ሰው አይታጣም፤ የተበላሸ ዕቃ ይዘህለት ስትሄድ ከዕቃው አስቀድሞ አንተን መጠገን የሚጀምር። ሰዓትህ ቆሞብህ ብትወስድለት፣ ክዳኑን ሳይከፍት «ስትታጠብ አታወልቀውም አይደል?» ይልሃል። ጫማህን ብትዘረጋለት፣ ሶሉን ሳያይ አረማመድህን ይነቅፋል። ሱሪ ጠበበኝ ብለህ ልብስ ሰፊ ዘንድ ብትሄድ፣ ሱሪው እንዳለ መሆኑን፣ የሰፋኸው አንተ መሆንህን፣ ሰው በተሰበሰበበት ያስረዳሃል። ተሰድበህ፣ ተዋርደህ፣ ዕቃህ ግን ድኖልህ ትመለሳለህ። ዳግመኛ ደጁን ላትረግጥ ትምላለህ። ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ መሐላህን ረስተህ በዚያው መንገድ ትገኛለህ፤ እጁ እንደ ምላሱ ስለታም ነውና።

ለደብረ ማርቆስ ይህን ሰው ፈጣሪ የሰጣት በጋራዥ በኩል ነበረ። እሳቸውም መልአከ ሞተር፣ መጋቤ ብሎን፣ የኔታ እንዳላማው ናቸው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ ነው። የኔታ ጋራዣቸው ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአራት ባሕር ዛፎች ጥላ ሥር ነበረ። በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ቅኔው ሳይሞላላቸው ከመንገድ ሥራ ካምፕ ገቡና፣ ዶዘር ከሚፈታ ሰው እግር ሥር ቁጭ ብለው ሁለተኛውን ትምህርት ተማሩ። ከመጀመሪያው ትምህርት የቀረላቸው ግን ጥቂት አልነበረም፤ ዘይት የጠጣ ጨርቅ እንደ ጥምጥም በራሳቸው ላይ መጠምጠም፣ ነገር ሲተነትኑ «አንድም» ማለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳያናዝዙ ሥርየት አለመስጠት። «የኔታ» ብለው የሰየሟቸው ሾፌሮች ናቸው። ሲሰይሟቸው ለፌዝ ነበረ፤ ዓመት ሳይሞላ ፌዙ ተረሳና ማዕረጉ ቀረ።

«መኪና በገዛ ሞቷ አትሞትም» ይላሉ የኔታ። «ገዳይ አላት። ገዳይዋ ካልታወቀ ደግሞ ብትነሳም ተመልሳ ትሞታለች።»

ስለዚህ በጋራዡ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ባለመኪናው በተደፋ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ይቀመጣል። የኔታ የወይራ ዘንጋቸውን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፉና ሌላውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ጆሮ ይዋሻል፣ ጥርስ ግን አይዋሽም ባይ ናቸው። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው «በል ተናዘዝ» ይላሉ። ካልተናዘዘ መፍቻ አይነሳም። ከተናዘዘም በኋላ ፍርዱ ሹክ አይባልለትም፤ ሾፌርና ረዳት፣ አላፊና አግዳሚ እየሰማ ይነበብለታል። ዛሬ መኪና በኮምፒዩተር ይመረመራል አሉ። ምርመራው ይሻል ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩ ግን «ተናዘዝ» አይልም።

አንድ ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ራዲያተሩ ፈንድቶበት መጣ።

«የኔታ፣ ዳገቱ ነው ያፈነዳው።»

«ዳገቱ ከአዳም ጀምሮ እዚያው ነው» አሉ የኔታ። «ይልቅስ አንድም እሑድ ዕለት በመንግሥት መኪና ሙሽራ ጭነሃል፤ አንድም ሙሽራውን ስታደርስ ሚዜዎቹንም ደርበሃል፤ አንድም ጠላው ጥሞህ አንተ ስትጠጣ መኪናዋን ውሃ ማጠጣት ረስተሃል። የትኛው ነው?»

ሰውየው መሬት መሬት እያየ ሦስቱም መሆናቸውን አመነ።

መምሬ ኪዳነ ማርያም እንኳ አልቀሩላቸውም። መምሬ የከተማው እኩሌታ የነፍስ አባት ናቸው። የወፍጮ ሞተራቸው ነክሶ ቆሞባቸው በጋሪ ጭነው መጡ።

«አባ፣ በርሜሉ ላይ ይቀመጡ።»

«እንዴ! እኔንም?»

«የሰው ኃጢአት ሲሰሙ ኖረዋል፤ ዛሬ አንድ ቀን ያሰሙ።»

መምሬ ግራ ቀኝ ቢያዩ፣ ሾፌሮቹ ሳቃቸውን በክንዳቸው አፍነው ይዘዋል። በመጨረሻው ላይ፣ የበዓል ዋዜማ ወረፋ በዝቶባቸው ሞተሩን ውሃ ሳያስጠጡ ከማለዳ እስከ ማታ መፍጨታቸውን በቀጭን ድምፅ ተናገሩ። የኔታም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ሰውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚያስጾሙት፤ ሞተሩን እስከ ማታ?» አሉ። መምሬ ለሁለት ወር ሰላምታ ነፈጓቸው። ወፍጮው ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቆመም።

ድረስ ይህን ሁሉ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ከሳቂዎቹ መካከል ቆሞ ሰምቷል። ተራው የእሱ ሲሆን ነው ሳቁ የጠፋበት።

ድረስ ከደብረ ማርቆስ ይጁቤ ሰውና እህል የሚያመላልስ አሮጌ ፒካፕ ነበረው። ነበረው ስንል ግማሹን ነው። ሊገዛት ሲነሳ ቢጎድልበት፣ የሚስቱ የአሰገደች እናት፣ እመት ወለተ ሐዋርያት፣ ጥንድ የእርሻ በሬዎቻቸውን ሸጠው ሞሉለት። ባላቸው ሞተው የሚያርስባቸው ቢጠፋ ከልጃቸው ዘንድ ገብተው ነበርና ነው። መኪናዋ ወደ ግቢው የገባች ቀን እመት ወለተ ሐዋርያት ከፊት ለፊቷ ቆመው አዩዋት። ቀለሟ ተልጦ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት አላት። ከሸጧቸው በሬዎች አንዱም ግንባሩ ላይ እንዲሁ ነጭ ነበረበት።

«ቦራ!» አሉ። ስሙ በዚያው ጸና። ለሌላው ሰው መኪና «እሷ» ናት፤ ለእመት ወለተ ሐዋርያት ግን «እሱ» ሆነ። «ቦራ ውሃ ጠጣ? ቦራን ዛሬ ምነው አጣደፍከው? ሰንበት እኮ ነው፤ ይረፍ እንጂ!»

እኒህ አማት አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግረውት አያውቁም። ለድረስ የከበደውም ይኸው ነው። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። እሳቸው ግን ማታ ሲገባ በር ላይ ቆመው የሚጠይቁት የእሱን ሳይሆን የቦራን ጤና ነው፤ ያን ጊዜ ድረስ ሁለቱን በሬዎች በጫንቃው ላይ ተሸክሞ የገባ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ስለት አለ። ቦራ ዓመት በሰላም ከከረመ ለዲማ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ሊያገቡ ተስለዋል፤ ጃንጥላውም የሚገባው ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በቦራ በራሱ ጀርባ ተጭኖ ነው።

ቦራ የሞተው ሚያዝያ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ከይጁቤ ገበያ ሲመለስ ነው። በመጀመሪያ ከሆዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ድረስ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ድምፁ እንደ ሙቀጫ ቋ! ቋ! ቋ! ሲል ሬዲዮኑን ጨርሶ ለቀቀው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ አንዴ ጮኸና እንደ ግንድ ደርቆ ቀረ። ጌቱ የተባለ የጭነት መኪና ሾፌር በገመድ አስሮ እየጎተተ አመጣው። ጌቱ ደግሞ በነጻ የሚጎትት ሰው አይደለም፤ ዋጋውን በነገር ይቀበላል። መንገዱን ሙሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮህ ነበር።

«ድረስ! በሬዎቹን ባትሸጧቸው ኖሮ ይሄኔ እነሱ ይጎትቱህ ነበር!»

የኔታ ዘንጋቸውን አላነሱም። የሞተ ሞተር ምን ያሰማል? መዳፋቸውን ብቻ ጭነውበት ቆዩና «ብሮንዚን» አሉ። «ብሮንዚን ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«አታውቅም። ብታውቅ እዚህ አትመጣም። በሞተር ሆድ ውስጥ ሁለት ጉልበተኛ ብረቶች አሉ፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይዞራል። በመካከላቸው እንደ ሽማግሌ ገብታ የምታስማማ፣ ከጥፍር የማትወፍር ልባስ ናት፤ ብሮንዚን ማለት። ጥሩ ዘይት እስካገኘች ድረስ ታስማማቸዋለች። ዘይቱ ሲበላሽ ሽማግሌዋ ታልቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ብረት ብረትን ይበላል። በል ተቀመጥ።»

ድረስ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። በጋራዡ ያሉት ሾፌሮች ሁሉ የየራሳቸውን መኪና ትተው ቀረብ ቀረብ አሉ።

«ለገበያ ቀን ትንሽ ጭነት አበዛለሁ» አለ።

«ቀላል ኃጢአት ነው። ቀጥል።»

«ዘይት መቀየሪያው ቀን አንድ ሳምንት አልፎብኛል።»

«ያደክማታል እንጂ አይገድላትም። ቀጥል።»

«ድምፅ ስሰማ... ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።»

«ይህስ ሬሳ አጠገብ መዝፈን ነው» አሉ የኔታ፤ ሾፌሮቹም ሳቁ። «የዘይቱ መብራትስ? ቀይ መብራት አልበራም?»

ድረስ ወደ ጋቢናው ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ። የኔታ አንገታቸውን ወደ ጋቢናው አስገብተው ቢመለከቱ፣ በመብራቱ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተለጥፏል።

«ቀይ ነገርስ ይታየኝ ነበር» አለ ድረስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዘንዶው ደም መስሎኝ ነው።»

የጌቱ ሳቅ ከባሕር ዛፍ ላይ ቁራ አስነሣ። ሳቁ ድንገት የተቋረጠው እመት ወለተ ሐዋርያት በአንድ እጃቸው ዱካ፣ በሌላው እጃቸው እንዝርትና ባዘቶ ይዘው ከበሩ ሲገቡ ነው። ቦራን ዞረው አዩት፤ ግንባሩን ዳሰሱት። ከዚያ ዱካቸውን ከጥላው አኑረው ተቀመጡና ጥጡን ወደ እንዝርቱ አገናኙ።

«የኔታ» አሉ። «እዚህ ቤት ገዳይ ይታወቃል አሉኝ። ቦራዬን የገደለው ማን እንደሆነ ሳልሰማ አልነሳም።»

ይህን ሲሉ ድረስን ላለማየት ተጠነቀቁ። ድረስም እንደተጠነቀቁ አየ።

በማግስቱ ሞተሩ ወረደ። የኔታ ከሥሩ ያለውን የዘይት ገንዳ ሲፈቱት፣ የወጣው እንደ ሌላው ጊዜ ጥቁር ዘይት አልነበረም፤ አጓት የመሰለ፣ ግራጫ፣ የረጋ ነገር ነው። ብሮንዚኖቹ ተበልተው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስተዋል። የሚዞረው ብረት ተቦርቡሯል።

«ውሃ!» አሉ የኔታ። ወዲያው ወደ ሞተሩ ራስ ዞረው፣ ውሃውንና ዘይቱን የሚለየውን ጓርኒሲዮን አንስተው በፀሐይ እያገላበጡ አዩት። አንድ ጭረት የለበትም። ወደ ገንዳው ተመለሱ። ከሥሩ ከዘቀጠው ጭቃ በአመልካች ጣታቸው ጠቅሰው በአውራ ጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት። ቀና ብለው እንዝርት ወደሚያሾሩት አሮጊት ተመለከቱ። ከዚያ አድርገውት የማያውቁትን ነገር አደረጉ፤ ገንዳውን በጆንያ ሸፈኑት።

«እህስ፣ የኔታ?» አለ ጌቱ። «ገዳዩ ማነው?»

«ፍርዱ ይደር» አሉ።

ሾፌሮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያ ጋራዥ ሌሊቱን ያደረ መኪና እንጂ ፍርድ አልነበረም። ድረስ በበኩሉ አንድ ትርጉም ብቻ ነበር የታየው፤ ጥፋቱ ከመብዛቱ የተነሣ በአማቱ ፊት ለመናገር አፍረውለታል።

የሚዞረው ብረት የሚስተካከለው አዲስ አበባ፣ ቶርኖ ቤት ነው። ድረስ በአውቶቡስ ይዞት ሊሄድ ሲል እመት ወለተ ሐዋርያት «ልቡ ብርድ እንዳይመታው» ብለው በነጠላቸው ጠቀለሉለት። ድረስ ከዕቃ ጋር እንዳይጋጭበት ሰግቶ ታቅፎት ተቀመጠ። የዓባይን በረሃ ሲወርዱ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት አላስችል አላት።

«አንተ፣ ይህ ልጅ ከማለዳ ጀምሮ ጡት አልጠየቀም እኮ! እናቱ የት ናት?»

«ሜካኒክ ዘንድ ናት» አለ ድረስ። ሴትየዋም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችው፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

ብረቱ ተስተካክሎ፣ አዲስ ብሮንዚን ተገዝቶለት ሲመለስ፣ አመሻሹ ላይ አማቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ልቡ ዳነለት?»

«ዳነለት፣ እማማ።»

«ተመስገን! እንግዲህ ሲገጠምለት ጸበሉን እንደ ድሮው እቀጥልለታለሁ።»

ድረስ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «የምን ጸበል?»

«ሁዳዴ ከገባ ወዲህ፣ ሰንበት ሰንበት አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ አንድ ሲኒ አጠጣው ነበር እኮ። እምነት በጥብጬ ነዋ፤ ጸበሉን ብቻውን አይደለም።»

«በ... በየት በኩል ነው የሚያጠጡት?»

«ምነው፣ የማላውቅ መሰለህ?» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «ውሃውን በፊት ለፊት በኩል ስትሰጠው አይ የለም? እሱ ለጥሙ ነው። ዘይቱን ግን ከላይ፣ በልቡ በኩል ታፈስለታለህ። ጸበል ለጥም ነው እንዴ? ለልብ ነው እንጂ! እኔማ ባላጠጣው ኖሮ ይሄኔ ሞቶ ሁለት ወሩ ነበር።»

ድረስ በዚያች ቅጽበት በጎጃም ምድር ከእሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም። ገዳዩ እሱ አይደለም! ዘይት ሲለካ በክዳኑ ላይ ያየው ነጭ አረፋ፣ በጨርቅ ጠርጎ «ብርድ ነው» ብሎ ያለፈው፣ ትዝ አለው። አንድ ቃል ቢናገር ሁለቱም በሬዎች ከጫንቃው ይወርዳሉ። አፉንም ከፈተ። እመት ወለተ ሐዋርያት ግን ያን ነጠላ ከእጁ ተቀብለው፣ የዘይቱን እድፍ በጥፍራቸው እየፋቁ፣ «አይዞህ፣ ቦራ ለኔ የባሌ አደራ ነው፤ አንተም እንዲሁ» አሉት። ድረስ አፉን ዘጋ። እኒህ ሴት ቦራን በገዛ እጃቸው፣ ያውም በጸበል፣ መግደላቸውን ከሰሙ፣ ከዚያ ወዲያ ጸበል የሚያነሣ እጅ አይኖራቸውም።

በማለዳ ጋራዡ ገና ሰው ሳይገባበት ደረሰ። የኔታ ብሎን እየቆጠሩ በጨርቅ ላይ ይደረድራሉ።

«የኔታ፣ ገዳዩ እኔ ነኝ። በራዲያተሩ መስሎኝ ውሃውን በዘይቱ አፍ ጨመርኩት።»

«እ-ህ። ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ... ማለቴ ሰባት ስምንት ጊዜ።»

«እምነቱንስ የበጠበጥከው አንተ ነህ?»

ድረስ አቀረቀረ። የኔታ ከአንድ ብሎን ላይ ዝገት በጥርሳቸው ሊያወልቁ እንደሚሞክሩ ሁሉ አፋቸውን አጣመሙ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ዲማ አራት ዓመት ያን ዐመድ ግንባሬ ላይ እየተቀባሁ ነው የተማርኩት። ሽታውን የምረሳ ይመስልሃል?»

«እንግዲያውስ በሰው ፊት አያንሡባቸው፤ ተማጥኖኛል ብለው ይቁጠሩት። የኔ ነው ብለው ይፍረዱብኝ።»

«ፍርድ እንደ ጎማ አይቀያየርም!» ብለው ተቆጡ። «ገዳይዋ ካልታወቀ ተመልሳ ትሞታለች፤ እነግራችኋለሁ ሁልጊዜ። ሂድ፣ ብሎኖቹን በናፍጣ እጠብ።»

ድረስ ብሎን እያጠበ አሥር ቀን አሳለፈ። እመት ወለተ ሐዋርያት በየቀኑ እየመጡ ፈተሉ። ሞተሩ ብሎን በብሎን ተገጠመ፤ ከመኪናው ሆድ ገባ። ሚያዝያ ሃያ ሁለት፣ ለስለቱ አንድ ቀን ሲቀር፣ ጋራዡ እንደ ሠርግ ቤት ሞላ። ጌቱ መጣ፣ ሥራ ያልገባ ሾፌር ሁሉ መጣ፤ መምሬ ኪዳነ ማርያም እንኳ «በዚህ ሳልፍ ነው» ብለው ጭራቸውን ይዘው ከአንድ ጥግ ቆሙ።

ድረስ ቁልፉን አዞረ። ቦራ አንዴ አነጠሰ፣ ሁለተኛ አነጠሰ፤ ከዚያ እንደ ጠገበ ጥጃ ዝግ ባለ፣ በተስተካከለ ድምፅ ማንኮራፋት ጀመረ። የኔታ ዘንጋቸውን ነክሰው ረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ በዘንጉ ዙሪያ ጥርሳቸው ፈገግ ሲል ታየ። እልል ተባለ። ሞተሩ ጠፋ። እመት ወለተ ሐዋርያት ከዱካቸው ተነሡ።

«እንግዲህ የኔታ፣ ዳነ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ንገሩኝ። ማነው?»

የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ቦራ የሞተው ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቶበት ነው።»

ድረስ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደ። «የኔታ፣ እሱን እኔ...»

«ዝም በል አንተ! ፍርድ ሲነበብ አይቋረጥም!» አሉና ቀጠሉ። «ውሃ ከዘይት የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንድም ከላይ በሰው እጅ ተጨምሮ ነው።» ቆም አሉ። የአሮጊቷን እንዝርት አዩ፤ መሾሩን አቁሟል። «አንድም ከውስጥ ሾልኮ ነው። ይህ ከውስጥ የሾለከ ነው። ባለፈው ጥቅምት የሞተሩን ራስ ከፍቼ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንድ ብሎን ሳላጠብቅ ቀረሁ። ቦራን የገደልኩ እኔ ነኝ።»

ጌቱ የያዘው የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ። ድረስ በቆመበት ደረቀ። ባለፈው ጥቅምት የኔታ ለቦራ የቀየሩለት የዝናብ መጥረጊያ ላስቲክ ብቻ ነው።

«አንተ!» አሉ እመት ወለተ ሐዋርያት፤ እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ሲሏቸው የኖሩት። «አንተ ጉደኛ! ይህን የመሰለ ልጅ እንደ ሌባ በርሜል ላይ አስቀምጠህ ስታናዝዝ፣ ጉዱ ያንተ ኖሯል? አንድ ብሎን! የኛ አራሽ እንኳ በሬ ሲጠምድ ማነቆውን ሁለት ጊዜ ነክቶ ነው ጅራፍ የሚያነሣ! ምን አስበህ ነው? ዓይንህስ የት ነበር? ኧረ ምኑ የኔታ ነህ አንተ!»

የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሌላው ላይ ያዘነቡትን ቆመው ተቀበሉ። ወሬው ሳይመሽ ይጁቤ እንደሚደርስ፣ ሳምንት ሳይሞላ ጉንደ ወይን እንደሚሻገር፣ ከእንግዲህ በጋራዣቸው ተናዘዝ ብለው የሚያፈጡበት ሾፌር እንደማይኖር፣ ከሁሉም ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

«አባ፣ ምን ይሁን?» አሉ አሮጊቷ ወደ መምሬ ዞረው።

መምሬ ኪዳነ ማርያም ይህችን ቀን ብዙ ጠብቀዋታል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በመጀመሪያ፣ በርሜሉ ላይ ይቀመጥ» አሉ። የኔታም ሄደው ተቀመጡ። «ቀኖናህ ነገ አብረኸን ዲማ መሄድ ነው፤ መኪናው ቢቆም ገፍተህ ታደርሰዋለህ። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

«አሜን» አሉ የኔታ። ሰው ሲበታተን ጠብቀው ግን ወደ እመት ወለተ ሐዋርያት ቀረቡና የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። የዘይቱን አፍ በሽቦ ጠፍረው አስረውታል።

«እሜቴ፣ ቂም ካልያዙብኝ አንድ ሥርዓት ልንገርዎት። የታደሰ ሞተር ልቡ ይታሸጋል፤ እንግዲህ ከድረስ በቀር ማንም አይከፍተውም። ጸበል የሚያጠጡት ሲሆን በዚህ በኩል ነው።» በሞተሩ ጎን፣ ከወደቀ መኪና ነቅለው የገጠሙትን፣ መስተዋት ማጠቢያ ውሃ የሚቀመጥበትን የላስቲክ ዕቃ አሳዩአቸው። «ሰው ሲጠመቅ ጸበሉ በፊቱ ላይ አይደል የሚፈስለት? ወይስ ደረቱን ቀደው ነው?»

እመት ወለተ ሐዋርያት ዕቃውን አዩ፤ የኔታን አዩ፤ ጥቂት አሰቡ።

«ይህስ እውነት ነው» አሉ። «ያን ብሎን ረሳህ እንጂ ዕውቀቱስ አለህ።»

በማግስቱ ቦራ ወደ ዲማ ተጓዘ። ጋቢናው ውስጥ ድረስ፣ እመት ወለተ ሐዋርያት ጃንጥላቸውን ታቅፈው፣ ከዳር የኔታ፤ ከኋላው በጭነቱ ላይ አሰገደችና መምሬ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር። የሚያልፋቸው ሾፌር ሁሉ መስኮቱን እየከፈተ «የኔታ! ብሎኑን አጠበቁ?» ይላል። አሮጊቷ በመኪናው መወዛወዝ አንቀላፍተዋል። ድረስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኔታ፣ ይህን ሁሉ በራስዎ ላይ...»

«መንገድህን እይ።»

ቀጥሎ ያለፋቸው ጌቱ ነበረ። የበልግ ዝናብ ያቆረውን ጭቃ በጎማው አንሥቶ የፊቱን መስተዋት ደፈነውና ጥሩንባውን እየነፋ ሄደ። ድረስ ምንም አልታየው ቢል አዲሱን የውሃ መርጫ ቁልፍ ተጫነ። እመት ወለተ ሐዋርያት በማለዳ የሞሉት ጸበል ሽው ብሎ ወጣ፤ ነገር ግን መስተዋቱን አልነካም። በጣራው ላይ ተሻግሮ ከኋላ በተሳፈሩት ሰዎች ላይ ዘነበ።

«በስመ ሥላሴ! አሜን! አሜን!» የሚል ጩኸትና እልልታ ከኋላ ተሰማ። ድረስ በመስታወቱ ቢያይ፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፤ መምሬ ራሳቸው ፊታቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«የኔታ፣ ውሃ መርጫው ወደ ላይ ቀንቷል» አለ ድረስ። «ላቁምና ያስተካክሉት?»

የኔታ በዘመናቸው ጠማማ ነገር አይተው አልፈው አያውቁም። ወደ ኋላ ዞረው በትንሿ መስኮት ተመለከቱ። ብዙ ቆይተው ተመለሱ፤ ጭቃውንም በገዛ ጥምጥማቸው፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ለድረስ ዓይን የምትበቃ ያህል ጠረጉለት።

«ተዋት» አሉ። «አንዴ ድገምላቸው።»